ለመምህራን የቴክኖሎጂ ሥልጠና የሚሰጡ አሠልጣኞችን እንዴት እናዘጋጅ? አምስት አማራጮች ሲነጻጸሩ

በአንድ ትምህርት ቤት ወይም ፕሮጀክት ውስጥ የሥልጠና ጉዳይ የሚመለከታችሁ ከሆነ ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። መምህራን ቴክኖሎጂን ክፍል ውስጥ እንዲጠቀሙበት ማሠልጠን ያስፈልጋል። እነሱን የሚያሠለጥኑት ሰዎች ደግሞ ቀድመው መዘጋጀት አለባቸው። ዝግጅቱን እንሥራላችሁ የሚሉት ግን የሚያቀርቡት ነገር ለየቅል ነው። አንዱ በአምስት ቀን እጨርሳለሁ ይላል። ሌላው ኦንላይን ኮርስ ይበቃል ይላል። ሌላው ደግሞ ምን አለፋችሁ፣ አሠልጣኞቹን እኔው አመጣላችኋለሁ ይላል። ሁሉም ሥልጠናው አሳታፊ እንደሚሆን ቃል ይገባሉ፤ ሁሉም ሰርተፍኬት ይሰጣሉ። ወረቀት ላይ ሲታዩ ለመለየት ያስቸግራሉ።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ሰው ማሠልጠን የሚለምደው ቆሞ ሲያሠለጥን፣ ሲሳሳት፣ ሲታረምና እንደገና ሲሞክር ነው። ስለዚህ ማንኛውም አማራጭ ሲቀርብላችሁ ከይዘቱ ዝርዝር በፊት አንድ ነገር ቁጠሩ፦ ዕጩው አሠልጣኝ ራሱ ሰዎች ፊት ቆሞ የሚመራው ስንት ደቂቃ ነው? ከታች ያሉትን አምስት አማራጮች በዋናነት የመዘንኩት በዚህ ነው።

## ከሁሉ በፊት፦ ማንን ነው የምናዘጋጀው?

ብዙ ጊዜ ምርጫው በሁለት ሰዎች መካከል ነው። አንደኛው የአይቲ ባለሙያ ነው፤ ኮምፒውተሩን እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል። ሁለተኛዋ መምህርት ናት፤ ቴክኖሎጂውን የምታውቀው ለሥራዋ በሚያስፈልጋት ልክ ነው። እኔ ያለ ብዙ ማመንታት መምህርቷን እመርጣለሁ።

ምክንያቱን አንድ የታወቀ ሙከራ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1990 ኤሊዛቤት ኒውተን የተባለች ተመራማሪ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሰዎችን በሁለት ከፈለች። አንዱ ወገን የታወቁ ዘፈኖችን ምት ጠረጴዛ ላይ በጣቱ ይመታል። ሌላው ወገን ምቱን ብቻ ሰምቶ የትኛው ዘፈን እንደሆነ ይገምታል። መቺዎቹ ግማሽ ያህሉ ይታወቃል ብለው ጠበቁ። ከ120 ዘፈኖች የታወቁት 3 ብቻ ነበሩ። መቺው ዜማውን በጭንቅላቱ ውስጥ ስለሚሰማው ሌላውም የሚሰማ ይመስለዋል። የሚያውቁትን ነገር እንደማያውቅ ሰው ሆኖ ማየት ይህን ያህል ይከብዳል። "ፋይሉን ሼር አድርጉት" የሚል ባለሙያ በውስጡ ያሉትን አራት አምስት እርምጃዎች ረስቷቸዋል። ትናንት የተማረች መምህርት ግን የት ቦታ ላይ እንደተደናቀፈች ገና ታስታውሳለች።

ይህ ማለት ግን የአይቲ ባለሙያው አያስፈልግም ማለት አይደለም። ሥልጠናው ሲካሄድ ክፍሉ ውስጥ ይኑር። ዋይፋዩን ይጠብቅ፣ የተቆለፈ አካውንት ይክፈት። መድረኩን ግን መምህርቷ ትያዘው።

ከመምህራን መካከል ስትመርጡም ቴክኖሎጂ በጣም የሚወደውን ሰው ብቻ አትፈልጉ። ባልደረቦቹ ችግር ሲገጥማቸው "እስቲ ይህን ነገር እየው" ብለው የሚሄዱበትን ሰው ፈልጉ። ያ ሰው ማንም ሳይሾመው ማሠልጠን ጀምሯል።

## መመዘኛዎቹ

የቆመበት ሰዓት። ከላይ ብዬዋለሁ። ዕጩው የሚያዳምጥበትን፣ ስላይድ የሚያይበትንና ማንዋል የሚያነብበትን ሰዓት አትቁጠሩ። እሱ ራሱ የሚመራበትን ብቻ ቁጠሩ።

ግብረ መልስ። ቆሞ መምራት ብቻውን አይበቃም። ያየው ሰው ወዲያው፣ በተጨባጭ ነገር ላይ ተመሥርቶ ያየውን ሊነግረው ይገባል። "ጥሩ ነበር፣ በርታ" ግብረ መልስ አይደለም። "መመሪያውን ከሰጠሽ በኋላ አርባ ሰከንድ አልጠበቅሽም፣ ወደ ቀጣዩ አለፍሽ" ግብረ መልስ ነው።

ብሩስ ጆይስ እና ቤቨርሊ ሻወርስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የመምህራን ሥልጠናን በዚህ ዓይን መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ግምት መሠረት ንድፈ ሐሳብ ብቻ ሲሰጥ ወደ ክፍል የሚሻገረው ነገር ከዜሮ አይዘልም። ማሳያ ሲጨመርበትም ያው ነው። ልምምድና ግብረ መልስ ሲታከሉበት 5 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በሥራ ቦታ የሚደረግ የቅርብ ድጋፍ ሲጨመር ግን ወደ 95 በመቶ ይጠጋል። ቁጥሮቹ ግምት ስለሆኑ እንደ መለኪያ ውጤት አትውሰዷቸው። ቅደም ተከተሉ ግን ለአሠልጣኞች ዝግጅትም ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ለክፍል ያለው ቅርበት። ፑንያ ሚሽራ እና ማቲው ኮህለር እ.ኤ.አ. በ2006 ያቀረቡት ሐሳብ እዚህ ጋ ይጠቅማል። ቴክኖሎጂ ማወቅ፣ ማስተማር ማወቅና የትምህርቱን ይዘት ማወቅ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መምህር የሚያስፈልገው ሦስቱ የሚገናኙበት ቦታ ነው። ጂኦጂብራ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር እንውሰድ። "ጂኦጂብራ እንዴት ይከፈታል" የሚለው ቴክኖሎጂ ብቻ ነው። "ተማሪዎች የመስመር ቁልቁለትን ከቋሚው ቁጥር ጋር ሲያምታቱ ጂኦጂብራ ላይ ተንሸራታቹን እያንቀሳቀሱ ልዩነቱን እንዲያዩ ማድረግ" ሦስቱንም ይዟል። አሠልጣኙ የመጀመሪያውን ብቻ ይዞ ከወጣ መምህራኑ ያጨበጭባሉ፣ ሰኞ ዕለት ግን ምንም አይለወጥም።

ነገር ሲበላሽ። በቴክኖሎጂ ሥልጠና ላይ የሆነ ነገር መበላሸቱ አይቀርም። ኢንተርኔቱ ይዘገያል። ፕሮጀክተሩ ላፕቶፑን አላውቅህም ይላል። ሃያ ሰው በአንዴ አካውንት ሲከፍት የማረጋገጫ ኮድ በስልክ ይላካል፤ ስልኩን ቤት ጥሎ የመጣ አለ፣ ፓስወርዱን የረሳ አለ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እዚያው ያልቃል። ዕጩዎቹ ይህን ተለማምደውታል ወይስ ሁሉም ነገር በሚሠራበት አዳራሽ ውስጥ ብቻ ነው የተዘጋጁት?

እውነተኛ ወጪ። በጀት ሲሠራ ሁሉም አዳራሽ፣ አበልና ትራንስፖርት ያሰላል። የሚረሳው ዕጩው ከክፍሉ የሚርቅበት ቀን ነው። እሱ በሌለበት ቀን ተማሪዎቹን ማን ያስተምራል? ያም ወጪ ነው።

ሲሰፋ ምን ይተርፋል? አሥር አሠልጣኝ ማዘጋጀትና ሁለት መቶ ማዘጋጀት የተለያየ ሥራ ነው። ለአሥሩ የሠራው ለሁለት መቶው ሲሆን ሊሳሳ ይችላል።

## አማራጭ 1፦ አጭር የተጠናከረ የአሠልጣኞች ሥልጠና

ብዙዎች ቲኦቲ የሚሉት ነው። ከሦስት እስከ አምስት ቀን፣ ከሃያ እስከ ሠላሳ ሰው፣ አንድ አዳራሽ፣ አንድ ማንዋል። በብዛት የሚቀርበውም ይኸው ነው።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ብዙ ሰው በአጭር ጊዜ ይዳረሳል። ሁሉም አንድ ዓይነት ነገር ይዘው ይወጣሉ። ዕጩዎቹም እርስ በርስ ይተዋወቃሉ፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፣ በኋላ ሲቸግራቸው የሚደዋወሉት እነዚያው ናቸው። በቅብብሎሽ ወደ ታች ለማውረድም ይመቻል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ባካሄደው የመምህራን ፕሮግራም ከ70 በሚበልጡ አገሮች ከ10 ሚሊዮን በላይ መምህራን የተዳረሱት አሠልጣኞችን በማባዛት ነበር።

ችግሩ ያለው ፕሮግራሙ ውስጥ ነው። የቲኦቲ ፕሮግራም ሲላክላችሁ ሰዓት በሰዓት ቁጠሩት። አምስት ቀን በቀን ስድስት ሰዓት ቢሆን 30 ሰዓት ነው። ብዙ ጊዜ ልምምዱ የሚመጣው የመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። 3 ሰዓት እንበል፤ 180 ደቂቃ። ይህ ለ25 ዕጩ ሲካፈል ለአንድ ሰው 7 ደቂቃ ገደማ ይደርሰዋል። ግብረ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ገና አልተቆጠረም። ከ30 ሰዓት ውስጥ አንድ አሠልጣኝ በእግሩ የቆመው 7 ደቂቃ ነው ማለት ነው። በዚህ ተዘጋጅቶ ነው ሠላሳ መምህር ፊት የሚቀርበው።

ደግነቱ ይህ የሚስተካከል ነው። 25ቱን ሰው አምስት አምስት እያደረጋችሁ በአምስት ክፍል አከፋፍሉ። እያንዳንዱ 15 ደቂቃ ይምራ፣ 10 ደቂቃ ግብረ መልስ ይቀበል። አንድ ዙር 125 ደቂቃ ይፈጃል። ሁለት ዙር ከአራት ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። በሁለት ግማሽ ቀን ሁሉም ሰው 30 ደቂቃ ቆሞ 20 ደቂቃ ታርሟል። የሚያስፈልገው ተጨማሪ ነገር አምስት ጥሩ ታዛቢ ነው። አቅራቢው ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ ካልሆነ ሌላ ፈልጉ።

ከቅብብሎሹም ተጠንቀቁ። የመጀመሪያው ቡድን አምስት ቀን ይሠለጥናል። እነሱ ለሌሎች በሦስት ቀን ያወርዱታል። እነዚያ ደግሞ መምህራኑ ዘንድ ሲደርሱ በአንድ ቀን ይጨርሱታል። ከሁሉ ቀድሞ የሚቆረጠው ልምምዱ ነው፣ ምክንያቱም ስላይድ ማቅረብ ይፈጥናል። ከሁለት እርከን በላይ የሚወርድ ዕቅድ ካያችሁ መጨረሻ ላይ ስንት የልምምድ ሰዓት እንደሚቀር ጠይቁ።

## አማራጭ 2፦ ማይክሮ ቲቺንግ

ማይክሮ ቲቺንግ አዲስ ነገር አይደለም። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ድዋይት አለን እና ባልደረቦቹ ለዕጩ መምህራን ያዘጋጁት ዘዴ ነው። አጭር ትምህርት፣ ጥቂት ተማሪ፣ አንድ ክህሎት ላይ ብቻ ማተኮር፣ ከዚያ ተነጋግሮ እንደገና ማስተማር። ለአሠልጣኞች ሲሆን ተማሪዎቹ ቦታ ላይ አራት አምስት ባልደረቦች ይቀመጣሉ።

እኔ ለብቻው አንድ አማራጭ ምረጥ ብትሉኝ ይህን ነው የምመርጠው። ለምን እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ላሳይ።

ዕጩዋ አምስት ጥያቄ ያለው አጭር ፈተና በጎግል ፎርም እንዴት እንደሚዘጋጅ ታሠለጥናለች እንበል። አምስት ሰው ላፕቶፕ ይዞ ተቀምጧል። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ አንዱ ተሳታፊ ይጠፋበታል። ዕጩዋ ፈጥና ትሄዳለች። ጎንበስ ትላለች። እጇ ማውሱ ላይ ያርፋል። ጠቅ፣ ጠቅ። "ይኸው፣ ተስተካከለልዎት" ትላለች። ተሳታፊው ያመሰግናል። ሁለቱም ደስ ብሏቸዋል።

ከጎን የተቀመጠው ታዛቢ ግን ሌላ ነገር ጽፏል። ማውሱ ከተወሰደበት ጊዜ ጀምሮ የሰውየው ሁለት እጆች ጭኑ ላይ ናቸው። የሚቀጥለውን ጥያቄ ራሱ አላስገባም፣ የጎረቤቱን ስክሪን ማየት ጀምሯል። ዕጩዋ ይህን ስትሰማ ትደነግጣለች፤ ማውሱን መያዟን እንኳ አላስተዋለችም። በሁለተኛው ዙር እጆቿን ወደኋላ አጣምራ ትሄዳለች። "በቀኝ በኩል የመደመር ምልክት ይታይዎታል? እሷን ይጫኗት" ትላለች። ሃያ ሰከንድ ይዘገያል። ሰውየው ግን ራሱ ያገኘዋል፣ ቀጣዩንም ራሱ ይሠራል።

ይህን በስላይድ ማስተማር ይቻላል? "የተሳታፊን ማውስ አትንኩ" ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ሁሉም አንብቦ ይስማማል። እጅ ግን የሚታረመው በልምምድ ነው።

"ገባችሁ?" የሚለው ጥያቄም እንደዚሁ ነው። አሠልጣኝ በየደቂቃው ይጠይቀዋል፣ ሁሉም "አዎ" ይላል። አዋቂ ሰው፣ ያውም መምህር፣ ባልደረቦቹ ፊት አልገባኝም ማለት ይከብደዋል። በልምምድ ላይ ዕጩው "ገባችሁ?" ባለ ቁጥር ታዛቢው አንድ ጭረት ይጻፍ። መጨረሻ ላይ ጭረቶቹን ያሳየው። በምትኩ "አሁን ስክሪናችሁ ላይ ምን ተጽፏል?" ብሎ መጠየቅ ይልመድ። ያኔ ማን የት እንደቀረ በአንድ ጊዜ ይታያል።

በዚህ ዘዴ ነገር ሲበላሽም መለማመድ ይቻላል። አምስተኛው ደቂቃ ላይ ታዛቢው ሆን ብሎ ዋይፋዩን ያጥፋው። ወይም የፕሮጀክተሩን ገመድ ይንቀለው። ዕጩው ምን ያደርጋል? ቀድሞ ያወረደው ፋይል አለው? ፌት የሚባሉት የሳይንስና የሂሳብ ሲሙሌሽኖች ወርደው ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ ኮሊብሪ የተባለው የመማሪያ ሶፍትዌር የተሠራው ኢንተርኔት ለሌለበት ቦታ ነው። ይህን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ አምስት ሰው እያየ ወደዚያ መሻገር ሌላ ነገር ነው።

ድክመቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ባልደረቦች ተሳታፊ መስለው ሲቀመጡ በጣም ደጎች ይሆናሉ። ሁሉም ይሠራል፣ ሁሉም ይገባዋል። ስለዚህ ሚና ስጧቸው፦ አንዱ ፓስወርድ የረሳ፣ አንዷ ቀድማ ጨርሳ ስልኳን የምትነካካ፣ አንዱ "ይህ ለኛ ትምህርት ቤት አይሆንም" የሚል። ሁለተኛ፣ ጥሩ ታዛቢ ከሌለ ልምምዱ የእርስ በርስ ምስጋና ሆኖ ይቀራል። ታዛቢው ሁለት ሦስት ነገር ብቻ የያዘ ወረቀት ይኑረው። ሠላሳ ነጥብ ያለው ቅጽ ማንም በትክክል አይሞላውም።

## አማራጭ 3፦ ከነባር አሠልጣኝ ጎን መሥራት

ዕጩው ከአንድ ልምድ ካለው አሠልጣኝ ጋር ይጣመራል። መጀመሪያ ቁጭ ብሎ ያያል። በሚቀጥለው ሥልጠና አንድ እንቅስቃሴ ይመራል። ከዚያ ግማሽ ቀን፣ ከዚያ ሙሉ ቀን። መጨረሻ ላይ ነባሩ ከኋላ ተቀምጦ ያያል።

እውነተኛ መምህራን፣ እውነተኛ ችግሮች፣ እውነተኛ ድካም ያለው እዚህ ነው። ማይክሮ ቲቺንግ የማያሳየውን ነገር ያሳያል። ለምሳሌ ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት። ወይም የሥልጠናው ግማሽ ሰው የመጣው ታዝዞ መሆኑን። ወጪውም ዝቅተኛ ነው፣ ምክንያቱም ሥልጠናው ለማንኛውም ይካሄድ ነበር።

ግን ቀርፋፋ ነው። ሥልጠና በሦስት ወር አንዴ ከሆነ አንድ ዕጩ ራሱን እስኪችል ዓመት ይሄዳል። በዚያ ላይ ዕጩው የሚወስደው ጥሩውን ብቻ አይደለም። ነባሩ ቀኑን ሙሉ የሚያወራ ከሆነ አዲሱም እንደዚያው ይሆናል። ስለዚህ ከማን ጋር እንደምታጣምሩት በደንብ አስቡበት። በጣም ተወዳጅ ከሆነው ተናጋሪ ይልቅ ክፍሉ ውስጥ ተሳታፊዎቹ ብዙ የሚሠሩበትን አሠልጣኝ ምረጡ።

አንድ ነገር ቀድማችሁ አስማሟቸው፦ ነባሩ መሃል መቼ ይገባል? ዕጩው ትንሽ ሲንተባተብ ነባሩ ዘሎ ከገባ ተሳታፊዎቹ ከዚያ በኋላ የሚያዩት ነባሩን ነው። ዕጩው በምልክት ካልጠራው ነባሩ አፉን አይክፈት። ይህ ለብዙ ጥሩ አሠልጣኞች ከባድ ነው፣ ግን ካልሆነ አይሠራም።

## አማራጭ 4፦ ኦንላይን ኮርስ

ለይዘት ጥሩ ነው። ስለ አዋቂዎች ትምህርት፣ ስለ ሥልጠና ዕቅድ፣ ስለ አንድ መሣሪያ አጠቃቀም በራስ ጊዜ መማር ይቻላል። ብዙ ሰው ይይዛል፣ ማንንም ከክፍሉ አያርቅም።

የቆመበት ሰዓት ግን ዜሮ ነው፣ ኮርሱ ዕጩው ራሱን በቪዲዮ ቀርጾ እንዲልክ ካልጠየቀ በቀር። ሌላው ችግር መጨረስ ነው። ሀርቫርድና ኤምአይቲ ኤዴክስ በተባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ላይ ያቀረቧቸውን ኮርሶች የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው በ2017–18 ከተመዘገቡት ሁሉ የጨረሱት 3 በመቶ ገደማ ነበሩ። ለሰርተፍኬት ከከፈሉት ግን 46 በመቶ ያህሉ ጨርሰዋል። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ ሰው የሚጨርሰው የሚያስረው ነገር ሲኖር መሆኑን ነው። ኦንላይን ከመረጣችሁ ዕጩዎቹን በቡድን አስገቧቸው፣ ቀን ቁረጡ፣ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት አገናኟቸው።

## አማራጭ 5፦ ዝግጁ አሠልጣኝ ከውጭ ማምጣት

ይህ ማዘጋጀት አይደለም፣ ግን ጠረጴዛው ላይ ስለሚቀርብ መመዘን አለበት። አዲስ ሥርዓት በሁለት ሳምንት ውስጥ መጀመር ካለበት ወይም በውስጣችሁ ማንም የማያውቀው መሣሪያ ከመጣ ሌላ ምርጫ ላይኖር ይችላል። ሲሄድ ግን ዕውቀቱም አብሮት ይሄዳል። በሦስተኛው ሳምንት መምህሩ ጥያቄ ሲኖረው የሚጠይቀው ሰው የለም። ከውጭ ካመጣችሁ ሁለት የራሳችሁን ሰው ከጎኑ አስቀምጡ። ያኔ ወደ አማራጭ 3 ተሻገራችሁ ማለት ነው።

## በሰንጠረዥ ሲታይ

| አማራጭ | የቆመበት ሰዓት | ግብረ መልስ | ለክፍል ቅርበት | ነገር ሲበላሽ | ወጪ | በአንዴ የሚይዘው ሰው |
|---|---|---|---|---|---|---|
| 1. ቲኦቲ | ካልተስተካከለ በጣም ጥቂት | ጥቂት፣ የጅምላ | እንደ ማንዋሉ | እምብዛም አይለማመዱትም | ከፍተኛ | ብዙ |
| 2. ማይክሮ ቲቺንግ | ብዙ | ፈጣንና ተጨባጭ፣ ታዛቢ ካለ | መካከለኛ | ሆን ተብሎ ይፈጠራል | ዝቅተኛ | ጥቂት በጥቂት |
| 3. ከነባር ጎን | ቀስ በቀስ ብዙ | እንደ ነባሩ ሰው | ከፍተኛ | በእውን ይገጥማል | ዝቅተኛ | በጣም ጥቂት |
| 4. ኦንላይን ኮርስ | የለም ማለት ይቻላል | ደካማ | ዝቅተኛ | የለም | ዝቅተኛ | በጣም ብዙ |
| 5. ከውጭ ማምጣት | አይመለከትም | አይመለከትም | ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ | እንደ ሰውየው | ከፍተኛ፣ በየጊዜው የሚደገም | አይመለከትም |

ሰንጠረዡ እያንዳንዱን አማራጭ ለብቻው እንጂ ቅይጡን አያሳይም። በተግባር ግን ጥሩ የሚሆነው ማቀላቀሉ ነው።

## ለማን የትኛው?

አንድ ትምህርት ቤት፣ ትንሽ በጀት። አማራጭ 2 ይበቃችኋል። ሦስት አራት መምህራን ምረጡ። በሳምንት አንድ ጊዜ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለአንድ ሰዓት ይገናኙ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ሰው 15 ደቂቃ ይመራል፣ ቀሪው ግብረ መልስ ነው። በስድስት ሳምንት አራቱም ሦስት ሦስት ጊዜ ቆመዋል። አዳራሽ፣ አበል፣ ትራንስፖርት የለም።

ብዙ ትምህርት ቤቶች፣ በቂ በጀት። ቲኦቲውን ውሰዱ፣ ግን ከላይ ባሳየሁት መንገድ አስተካክሉት። ይዘቱን ቀድማችሁ በኦንላይን ጨርሱ። ዕጩዎቹ አንብበውና መሣሪያውን ነካክተው ይምጡ። የአዳራሹ ቀናት ለልምምድ ይሁኑ። አምስቱ ቀን ወደ ሦስት ሊወርድ ይችላል፤ የተረፈው በጀት ለክትትል ይዋል።

ጥቂት ጥሩ አሠልጣኞች ያሏችሁ፣ ጊዜ ያላችሁ። አማራጭ 3። ነባሮቹን ግን የማጣመር ሥራ ትርፍ ሥራ እንዳይሆንባቸው ሌላ ጫና ቀንሱላቸው።

ዕጩዎቹ ተራርቀው የሚሠሩ ከሆነ። ኦንላይን ኮርስ ከቪዲዮ ልምምድ ጋር። እያንዳንዱ በራሱ ትምህርት ቤት ባልደረቦቹን ሲያሠለጥን 10 ደቂቃ በስልክ ይቅረጽና ለሁለት ሰው ይላክ። የተሳታፊዎቹን ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው። ካሜራው አሠልጣኙን ብቻ ከሚያሳይ ተሳታፊዎቹ ምን እየሠሩ እንደሆነ ቢያሳይ ይበልጥ ይጠቅማል።

ኢንተርኔትና መብራት የማያስተማምንበት ቦታ። የትኛውንም ብትመርጡ ልምምዱን እዚያው ቦታ አድርጉት። ሁሉ ነገር በሚሠራበት አዳራሽ የተዘጋጀ አሠልጣኝ እዚያ ሲደርስ ይቸገራል። ግማሹ ልምምድ ያለ ኢንተርኔት፣ አንዱ ልምምድ ደግሞ ያለ መብራት ይሁን።

በሁለት ሳምንት ውስጥ መጀመር ግዴታ ከሆነ። የመጀመሪያውን ሥልጠና ከውጭ አስመጡ፣ ሁለተኛውን በራሳችሁ ሰዎች ምሩ።

## ክትትሉን አትቁረጡት

የትኛውም አማራጭ ላይ በጀት ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዘው ክትትል ነው። ይህ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ማስረጃው የሚለው ተቃራኒውን ነው። ማቲው ክራፍት እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2018 መምህራንን በቅርበት ስለመደገፍ የተሠሩ 60 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ማስተማራቸውም የተማሪዎቻቸው ውጤትም እንደሚሻሻል አገኙ። ፕሮግራሞቹ ሲሰፉ ግን ውጤቱ ቀነሰ። ብዙ ሰው በስሱ ከመከታተል ጥቂቱን በደንብ መከታተል ይሻላል የምለው ለዚህ ነው። አዲስ አሠልጣኝ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሥልጠናዎቹ ላይ አንድ ሰው ከኋላ ቢቀመጥለት ከተጨማሪ የአዳራሽ ቀን ይበልጣል።

ውጤቱንም ሥልጠናው ባለቀበት ቀን በሚሞላ ቅጽ ብቻ አትለኩ። ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 የሥልጠና ውጤትን በአራት ደረጃ ከፍሎታል፦ ተሳታፊው ምን ተሰማው፣ ምን ተማረ፣ ሥራው ላይ ምን ቀየረ፣ በመጨረሻ ምን ውጤት መጣ። የዕለቱ ቅጽ የሚነግራችሁ የመጀመሪያውን ነው። ተወዳጅ አሠልጣኝ ሁልጊዜ ጥሩ ነጥብ ያገኛል።

## ከመፈረማችሁ በፊት

አቅራቢው ፊት ስትቀመጡ እነዚህን ጠይቁ። እያንዳንዱ ዕጩ ስንት ደቂቃ ይመራል? ስንት ጊዜ? ግብረ መልሱን የሚሰጠው ማን ነው፣ እሱስ መምህራንን አሠልጥኖ ያውቃል? ለአንድ ታዛቢ ስንት ዕጩ ይደርሳል? ከስድስት በላይ ካሉ ቀንሱ በሏቸው። ልምምዱ በየትኞቹ የትምህርት ዓይነቶች ላይ ነው? ኢንተርኔት ሲጠፋ ምን ይደረጋል? የዩኔስኮን የመምህራን የአይሲቲ ብቃት ማዕቀፍ እንከተላለን ካሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው እትም ውስጥ ካሉት 18 ብቃቶች የትኞቹን እንደሚሸፍኑ ይንገሯችሁ። ሁሉንም በአምስት ቀን ካሉ አትመኑ።

መልሶቹን ውሉ ውስጥ አስገቡ። ክፍያውንም በሁለት ክፈሉት፦ የመጀመሪያው ዝግጅቱ ሲያልቅ፣ ሁለተኛው ዕጩዎቹ የራሳቸውን የመጀመሪያ ሥልጠና መርተው አቅራቢው ተገኝቶ ካያቸውና የጽሑፍ ግብረ መልስ ከሰጣቸው በኋላ። ያ የመጀመሪያ ሥልጠና ዝግጅቱ ባለቀ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ እንዲሆን ቀኑን ከአሁኑ ያዙት፤ ከዚያ ከዘገየ ዕጩዎቹ የተለማመዱት ይረሳሳል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ደግሞ ከሠለጠኑት መምህራን አራት አምስቱን መርጣችሁ ክፍላቸው ገብታችሁ እዩ።